ደም ሳይገጥም የተሰጠ ኩላሊት
የአንድ ሕክምና ታሪክና የሚያስከትለው የኢንፌክሽን አደጋ

(ለመጠለያ ጣቢያው ነዋሪዎች በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር)

  

ስለ ኩላሊት በሽታ በተናገርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። «ወንድሜ ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ሆኗል። እኔ አንዱን ልሰጠው ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን የደም ዓይነታችሁ አይገጥምም ተባልን። በቃ ተስፋ የለውም ማለት ነው?» የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ «አሁን ሕክምናው ስለተሻሻለ ደም ባይገጥምም ችግር የለውም ሲሉ ሰምተናል፤ እውነት ነው ወይ?» ይሉናል።

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ አንድ ነው። ደም ሳይገጥም ኩላሊት መስጠትና መቀበል ይቻላል፤ በአንዳንድ አገሮች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ከሌላው ንቅለ ተከላ ይበልጥ ማዳከም ይጠይቃል፤ በዚያ ክፍተትም ኢንፌክሽን ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ አንሥተን እናጫውታችኋለን። ታሪኩን ያወቀ ሰው ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ኩላሊት ተተክሎለት በመካከላችን የሚኖር ሰው ካለም እንዴት እንደምንጠብቀው እንረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንንገራችሁ።

የደም ዓይነት እንዴት ታወቀ?

በ1900 እና በ1901 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ካርል ላንድሽታይነር የሚባል ሐኪም የሥራ ባልደረቦቹን ደም እየወሰደ እርስ በርስ ይቀላቅል ነበር። የአንዳንዱ ሰው ደም ከሌላው ጋር ሲቀላቀል እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ የአንዳንዱ ግን ምንም አይሆንም። ከዚህ ተነሥቶ ደም በዓይነት እንደሚለያይ አወቀ። ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው ዓይነቶች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው። ላንድሽታይነርም በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤ ደም ያለው ሰው በቀይ የደም ሕዋሶቹ ላይ የ«ኤ» ምልክት አለ። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ «ቢ»ን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ይዞራል። ቢ ደም ያለው ሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤቢ ሁለቱም ምልክቶች ስላሉት የሚያጠቃ አንቲቦዲ የለውም። ኦ ደም ያለው ግን ምልክት ስለሌለው ሁለቱንም ያጠቃል። ለዚህ ነው የኦ ሰው ለሁሉም መስጠት የሚችለው፤ መቀበል የሚችለው ግን ከኦ ብቻ የሆነው።

«ታዲያ ደምና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። የኤ እና የቢ ምልክት በደም ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በኩላሊት ውስጥ ባሉት የደም ሥሮች ግድግዳ ላይም አለ። የማይገጥም ኩላሊት ሲተከል የተቀባዩ አንቲቦዲ እነዚያን የደም ሥሮች ያጠቃል፤ ደሙ በውስጣቸው ይረጋል፤ ኩላሊቱም በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራ

በሰው ላይ የሰው ኩላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው ሚያዝያ 3 ቀን 1933 በዩክሬን፣ ኬርሶን በምትባል ከተማ ነው። ሐኪሙ ዩሪ ቮሮኖይ ይባላል። ታማሚዋ በሜርኩሪ መርዝ ኩላሊቷ የቆመባት የ26 ዓመት ሴት ነበረች። ኩላሊቱ የተወሰደው በራስ ቅል ጉዳት ከሞተ ሰው ሲሆን የተተከለውም በጭኗ ላይ ነበር። የሟቹ ደም ቢ፣ የእርሷ ግን ኦ ነበር። ትንሽ ሽንት ታየ፤ ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ አረፈች። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ ደም ባልገጠመበት ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከአንድ መንታ ወንድም ወደ ሌላው ኩላሊት ተከሉ፤ ተሳካም። ታማሚው ስምንት ዓመት ኖረ። ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። ግን ተመሳሳይ መንታ ያለው ስንቱ ነው?

ዘበኛውን ማስተኛት

የበሽታ መከላከያ ኃይላችንን እንደ ግቢ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። የማያውቀውን ሁሉ ይመልሳል። ሌባ ሲመጣ ይህ መልካም ነው። የምንፈልገው እንግዳ ሲመጣም ግን በዱላ ይቀበለዋል። የተተከለ ኩላሊት ለዘበኛው የማያውቀው እንግዳ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ዘበኛውን ማስተኛት ነበረባቸው። ዘበኛው ከተኛ ደግሞ እንግዳው ብቻ ሳይሆን ሌባውም ይገባል። የንቅለ ተከላ ታሪክ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ትግል ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች የታማሚውን መላ ሰውነት በጨረር በመምታት መከላከያውን ለማጥፋት ሞከሩ። ዘበኛው ተኛ ብቻ ሳይሆን ሞተ ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ታማሚዎች አልተረፉም፤ ከገዳዮቹም ዋነኛው ኢንፌክሽን ነበር። በ1960ዎቹ አዛቲዮፕሪን የሚባል መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ዓይነት መድኃኒቶች ጋር መሰጠት ሲጀምር ሁኔታው ተሻሻለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሳይክሎስፖሪን መጣ። ይሁንና እነዚህ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀውን የኤ እና የቢ አንቲቦዲ ማቆም አይችሉም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቹ ደም ሳይገጥም ሞክረው ኩላሊቶች ሲበላሹ አዩ። ከዚህም በኋላ «ኩላሊት ስትሰጡ የደም ልገሳን ሕግ ተከተሉ» የሚለው ደንብ ጸና።

ከብራስልስ እስከ ቶኪዮ

ደንቡን ሆን ብሎ፣ ተዘጋጅቶ የሰበረው የቤልጂየሙ ሐኪም ጊ አሌክሳንድር ነው። ከ1982 ጀምሮ በብራስልስ ከተማ የታማሚውን ደም በማሽን እያዞረ አንቲቦዲ ያለበትን ፈሳሽ ያስወግድ ነበር። በተጨማሪም ጣፊያውን በቀዶ ሕክምና ያወጣ ነበር። ጣፊያን ማውጣት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሕዋሶች ከሚገኙባቸው ትልልቅ ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ነው።

ዘዴውን ከሁሉ በላይ የተጠቀመችበት አገር ጃፓን ናት። በጃፓን ከሞተ ሰው የሚገኝ ኩላሊት በጣም ጥቂት ነበር፤ አንጎላቸው ከሞተ ሰዎች አካል መውሰድን የሚፈቅደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1997 ነው። ስለዚህ ታማሚው ያለው ተስፋ ሚስቱ፣ ባሏ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ ነበሩ። የእነርሱ ደም ካልገጠመስ? ጃፓኖች በ1989 ደም ሳይገጥም መትከል ጀመሩ። በቅርብ ዓመታት በዚያች አገር ከሕያው ለጋሾች ከሚደረጉት የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ደማቸው ባልገጠመ ሰዎች መካከል የሚደረጉ ናቸው።

ጣፊያው ሲወጣ ግን ሌላ አደጋ ተከተለ። ጣፊያ የሌለው ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር በሚያመጡ ባክቴሪያዎች ከተያዘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወባም ይበረታበታል። ይህ አደጋ ቁስሉ ሲድን አብሮ አይጠፋም፤ ዕድሜ ልክ ይከተላል። በማናቸውም ምክንያት ጣፊያችሁ የወጣ ሰዎች ካላችሁ ይህን ለጤና ባለሙያ መንገር አትርሱ፤ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ክትባት አለ።

ጣፊያው ሲተርፍ

በ2001 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ሐኪሞች ጣፊያውን ሳያወጡ መሥራት ጀመሩ። ሁለት አዲስ ነገሮችን ተጠቀሙ። አንደኛው ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ሲሆን አንቲቦዲ ወደሚያመነጩ ሕዋሶች የሚለወጡትን ሕዋሶች ያጠፋል። ሁለተኛው ደሙ በውስጡ ሲያልፍ የኤ ወይም የቢ አንቲቦዲን ብቻ ለቅሞ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። ይህም ትልቅ ጥቅም ነበረው። ቀድሞ ፈሳሹ በጅምላ ሲወገድ ከበሽታ የሚከላከሉት ጠቃሚ አንቲቦዲዎችም አብረው ይጣሉ ነበር። ይሁን እንጂ ማጣሪያው ውድ በመሆኑ በብዙ ቦታ የድሮው የጅምላ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሪቱክሲማብም ቢሆን ዕዳ አለው። አንድ ጊዜ ከተሰጠ የሚያጠፋቸው ሕዋሶች ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ላይመለሱ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ የሚሰጥ ክትባትም በደንብ ላይሠራ ይችላል። በጉበት ውስጥ ተኝቶ የቆየ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የግድ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው በ2018 አንድ ግምገማ አወጡ። ደማቸው ካልገጠመ ሰዎች መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ከ100 የ96ቱ ኩላሊት ይሠራ ነበር፤ ደማቸው ከገጠመው ደግሞ የ98ቱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ምክንያቱ ከታወቀው ሞት ውስጥ ግን ደማቸው ካልገጠመው መካከል 49 በመቶው በኢንፌክሽን የመጣ ነበር፤ ከገጠመው መካከል 13 በመቶ ብቻ። በ2019 የወጣ ሌላ ትልቅ ግምገማም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞት አደጋው ከፍ እንደሚል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ እንደማይታይ አሳይቷል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የምንማረው ምንድን ነው? ሐኪሞች የደሙን አጥር አልፈዋል፤ ኩላሊቱም ይሠራል። ሰውየውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ሳይሆን ዘበኛው ተኝቶ ሳለ የገባው ሌባ ነው። አደጋውም የሚበረታው በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ይህን ወቅት በጥንቃቄ ያለፈ ሰው ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

ስሙ በቫይረስ ላይ የቀረው ሱዳናዊ

ከእነዚህ ሌቦች አንዱ የታወቀው ከእኛ አካባቢ በሄደ ሰው ነው። በ1971 በለንደን ኩላሊት የተተከለለት አንድ ሱዳናዊ ታማሚ የሽንቱ መውረጃ ቧንቧ ጠበበ። ሽንቱ ሲመረመር ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቫይረስ ተገኘ። ቫይረሱም በሰውየው ስም መነሻ ፊደላት ቢኬ ተባለ። ዛሬ እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን በልጅነታችን በዚህ ቫይረስ ተይዘን ሳናውቀው በኩላሊታችን ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም። መከላከያው ሲደክም ግን ይነሣና አዲሱን ኩላሊት ይበላዋል። ደማቸው ባልገጠመ ተቀባዮች ላይ ደግሞ ይበዛል።

ለቢኬ እርግጠኛ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ የሚያደርገው መከላከያ የሚያደክሙትን መድኃኒቶች መቀነስ ነው። በጣም ከቀነሰ ዘበኛው ነቅቶ ኩላሊቱን ይመታል፤ ካልቀነሰ ቫይረሱ ይበላዋል። ተቀባዩ በየጊዜው ደሙንና ሽንቱን መመርመር ያለበት ለዚህ ነው። «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ቤቱን ያለ ጠባቂ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

እኛ ባለንበት ቦታ

በአካባቢያችን ንቅለ ተከላ አዲስ አይደለም። በካርቱም በ1974 ተጀምሯል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በ2015 ተጀምሯል። ስለዚህ ታክሞ የተመለሰ ሰው ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። ደሙ ገጥሞም ይሁን ሳይገጥም የተተከለለት፣ የሚከተሉትን እናንተም ቤተሰቦቹም እወቁ።

ቲቢ፦ በተጣበበ መጠለያ ውስጥ ከሁሉ የሚያሠጋው ይህ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ከተቀባዩ ጋር አንድ ክፍል ከማደሩ በፊት አክታውን ይመርመር። ተቀባዩ ራሱ በቲቢ ከተያዘ ኩላሊት እንደተተከለለት ገና በመጀመሪያው ቀን ይናገር። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ለኩላሊቱ የሚወስደውን መድኃኒት ከደሙ ውስጥ በፍጥነት ያስወግዳል።

ወባ፦ ሁልጊዜ በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ትኩሳት ከታየበት በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር።

ካላዛር፦ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቦታ አለ። ረጅም ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ሲታይ «ወባ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍ።

የአንጀት ትል፦ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትንሽ ትል በባዶ እግር በኩል ከአፈር ይገባል፤ ሳይታወቅም ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ፕሬድኒሶሎን በሚወስድ ሰው ላይ በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ከንቅለ ተከላው በፊት ይታከም፤ በኋላም ባዶ እግር አይኬድ።

ውሃና ምግብ፦ የሚጠጣው ውሃ የታከመ ወይም የፈላ ይሁን። ጀሪካኑ በየጊዜው ይታጠብ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርበት።

ክትባት፦ ለተቀባዩ ሕይወት ያላቸው ጀርሞች የሚገኙባቸው ክትባቶች አይሰጡትም። የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ተሰልፎ ከመከተቡ በፊት «ኩላሊት ተተክሎልኛል» ብሎ ይናገር። በቤቱ ያሉ ልጆች ግን የኩፍኝ ክትባታቸውን መከተብ አለባቸው፤ ይህ እርሱንም ይጠብቀዋል። የፖሊዮ ጠብታ ስለሚወስዱ ልጆች የጤና ባለሙያውን አስቀድማችሁ አማክሩ እንጂ በራሳችሁ ውሳኔ ልጅን ከክትባት አታስቀሩ።

መድኃኒት፦ ሐኪም ያዘዘለትን በራሱ አያቋርጥ። ከሱቅ የተገዛ አንቲባዮቲክ ወይም የባህል መድኃኒት ሳይጠይቅ አይውሰድ። ብዙ ተቀባዮች ከሳንባ ምች ለመከላከል የሚታዘዝላቸው ኮትሪሞክሳዞል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ኪኒን ነው፤ ለሌላ ሰው አይካፈል።

ከሁሉ በላይ ይህን አትርሱ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ትኩሳትን ይደብቃሉ። ሌላውን ሰው በአርባ ዲግሪ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እርሱ ላይ እንደ ቀላል ሙቀት ሊታይ ይችላል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሽንቱ ካቃጠለው ወይም ከቀነሰ፣ ካሳለው፣ ወይም የተተከለበት ቦታ ካመመው ነገን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ይርዳው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ደማችሁ አልገጠመም ለተባላችሁ

የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ሌላ ለጋሽ አለ ወይ?» የሚል ይሁን። ከዘመዶቻችሁ መካከል ደሙ የሚገጥም ሰው ከተገኘ መንገዱ ይቀላል። ሁለተኛው መፍትሔ መለዋወጥ ነው። የእናንተ ለጋሽ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል፤ የእነርሱ ለጋሽ ለእናንተ ይሰጣል። ይህ በ1991 በደቡብ ኮሪያ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል፤ ተጨማሪ መከላከያ ማዳከምም አይጠይቅም። እነዚህ ሳይሆኑ ሲቀሩና ሕክምናው በሚሰጥበት አገር ያለ ሰው ከሆነ፣ ደም ሳይገጥም ስለሚደረገው ሐኪሙን ይጠይቅ። «ስንት ጊዜ ሠርታችሁታል? የቲቢና የሄፓታይተስ ምርመራ ተደርጎልኛል? ከክትባት የጎደለኝ አለ? ወደ ቤቴ ስመለስ ማን ይከታተለኛል?» ይበል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም አደጋው ከፊት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። «ደም ባይገጥምም ችግር የለም፤ ኩላሊት እናገኝልሃለን» ወይም «ኩላሊትህን ሽጥ» የሚል ደላላ ከመጣ አትስሙት። ኩላሊት መሸጥና መግዛት በ2008 በወጣው የኢስታንቡል መግለጫ ተወግዟል። በስውር በሚደረግ ሥራ ለጋሹ ከኤችአይቪና ከጉበት ቫይረስ ነፃ መሆኑን በትክክል የሚመረምር፣ በኋላም ተቀባዩንም ሰጪውንም የሚከታተል የለም። የተኛ ዘበኛ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከኬርሶን እስከ ስቶክሆልም ባለው ታሪክ ሐኪሞች የደሙን አጥር ለማለፍ ሰባ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። የቀረውን ሥራ ግን ሐኪም ብቻውን አይሠራውም። የተቀባዩ ዘበኛ ስለተኛ ዘበኛ የምንሆንለት እኛ ነን። የምታስል እናት አፏን ስትሸፍን፣ ልጆቿን ስታስከትብ፣ ጀሪካኗን ስታጥብ፣ ጎረቤት የታመመውን በሌሊት ተሸክሞ ሲያደርስ የዚያን ሰው ኩላሊት እየጠበቁለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው፤ ለጎረቤትም አስተላልፉት። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ጤናችሁን ጠብቁ። ደኅና ሁኑ።